ከኩሬው የመጣ ጭቃ

ዱብ። ጸጥታ። ዱብ።

ከግድግዳው ወዲያ ነው። አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ፣ በሐሳቤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከበሮ እያደረግኩት ትንሽ ቆየሁና ወደ ኩሽና ወጣሁ።

«እትዬ ውባንቺ፣ ማነው የሚወቅጠው?»

«አዲሱ ተከራያችን፣ ህንዱ ሰውዬ ናቸዋ! ጨርቅ ይደበድባሉ። ምን እንዳደረጋቸው እንጃ!» ብለው ሳቁ።

እዚህ ጣሊያን አገር፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ያሉትን ክፍሎች የሚያከራዩን እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጣሊያኖችን ቤት ሲያጸዱ ስለኖሩ እድፍ አይተው አያልፉም።

ህንዱ፣ ጊርዳሪ ይባላሉ፣ በራቸውን ከፍተው አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል። አበባ የተቀረጸበት እንጨት ጥቁር ጭቃ ያስነኩና ጨርቁ ላይ አስቀምጠው በቡጢ ይመቱታል።

«ጭቃው ያረፈበት ቦታ ሰማያዊው ቀለም አይገባም» አሉኝ በተሰባበረ ጣሊያንኛ። «ቀለም ውስጥ ከተነከረ በኋላ ይታጠባል። ያኔ አበባው ነጭ ሆኖ ይወጣል።»

እንጨቱ ያባታቸው ነው። ጭቃው ከመንደራቸው ኩሬ በጣሳ የመጣ፤ ይኸው በዚህ ጨርቅ አለቀ። እዚያ አሁን የሚያትመው ማሽን ነው፤ ልጆቻቸውም ጭቃ አንነካም ብለዋል። እሁድ የአንድ የእደ ጥበብ ማኅበር ሰዎች መጥተው ጨርቁን ያያሉ። ከወደዱት ሙያውን የሚያስተምሩበት ክፍል ይሰጧቸዋል።

«ሞክር እስቲ» አሉኝ። መታሁ። አበባዬ ተንጋደደ።

«ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው፣ ነፋስ አግኝቶት ነው» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ጨርቁን እንዲደርቅ ባልኮኒው ላይ አሰጡት።

እኔማ ክፍሉ ተገኝቶ፣ የመጀመሪያው ተማሪ ሆኜ፣ በሐሳቤ ስንቱን ጨርቅ አበባ አለበስኩት።

ቅዳሜ ከሥራ ቱርኖዬ ስመለስ ጨርቁ እዚያው ባልኮኒው ላይ ተሰጥቷል። ነጭ። አንድም አበባ የለበትም።

«አጠብኩላቸው» አሉ እትዬ ውባንቺ። «ነገ እንግዳ አለባቸው አላልከኝም? አሎራ፣ ታዲያ ጭቃ ለብሶ እያየሁ ልለፍ?»

«እትዬ፣ ጭቃው እኮ ነው ጌጡ!»

«ጭቃው? ሂድ አንተ! ደግሞ ሕልምህን ጀመርክ።»

ይሄኔ ጊርዳሪ ሰማያዊ ቀለም የበጠበጡበትን ባልዲ ይዘው ገቡ። ጨርቁን አዩት። ጠርዙን ዳሰሱ፣ አሸተቱት። የሚቆጡ መሰለኝ፤ ደግሞ የሚያለቅሱ መሰለኝ። እሳቸው ግን የእትዬ ውባንቺን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ።

«ኧረ ምንም አይደል!» አሉ እትዬ፣ ደስ ብሏቸው።

ጊርዳሪ ባልዲውን አስቀመጡ። ከክፍላቸው ያባታቸውን እንጨት አመጡና እጄ ላይ አኖሩት። ስጦታ ነው? አደራ ነው? ወይስ ከእንግዲህ አላየውም ማለታቸው ነው?

«ነገስ? ሰዎቹስ?» አልኩ።

«ጭቃ የለም» አሉና ጃኬታቸውን ከሚስማሩ ላይ አንስተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።