ሽማግሌ ወደ ጋራዥ

ወይዘሮ አበዛሽ ለአንድ ልጃቸው ሥራ እንዲገኝ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌ ለሚስት እንጂ ለሥራ አይላክም ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አይሰሙትም ነበር።

ልጃቸው ተክለሃይማኖት ጣልያን አገር፣ ቱሪን ከተማ፣ ምህንድስና ጨርሷል። ትምህርቱ ስላለቀ መኖሪያ ፈቃዱ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ቀጣሪ ካገኘ ይቀራል፣ ካላገኘ አገሩ ይገባል። አገሩ ቢገባ ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ ናዝሬት ውስጥ የማያውቅ የለም። መሰለች የምትባለው ጎረቤታቸው ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና እንደተወሰደ ከሰሜን ሳይመለስ ቀርቶባታል። አበዛሽ ከዚያ ለቅሶ ሲመለሱ፣ የእኔስ እዚያው ይቅር፣ ይናፍቀኝ ግን ይኑርልኝ አሉ።

መላው የተገኘው አሰላ መንገድ ላይ ጋራዥ ካለው ከሲኞር ብሩኖ ዘንድ ነው። ብሩኖ ናዝሬት ያረጀ ጣልያን ነው፤ ከተማው እንደ ዘመድ አንተ እያለ ነው የሚጠራው። ቁርጥ ይበላል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሲናደድ የሚሳደበውም በአማርኛ ነው። ወንድሙ ቱሪን ውስጥ ትልቅ የማሽን ወርክሾፕ እንዳለው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ያወራል።

መሰለች ራስሽ ሄደሽ ለምን አትጠይቂውም ብትላቸው አበዛሽ ተቆጡ። ሴት ብቻዋን ሄዳ የለመነችውን እምቢ ማለት ቀላል ነው፤ ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ ግን ያስፈራል።

ስለዚህ አንድ እሑድ ማለዳ በሽምግልናቸው የታወቁት አቶ ነጋሳ ከደራ መጡ፤ ባለሱቁ ሼህ አብደላና የአበዛሽ የንስሐ አባት ተጨመሩ። ሦስቱም ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ብሩኖ ደጃፍ ቆሙ። አበዛሽ ማዶ ጋሪ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

ብሩኖ በሩን ከፍቶ ሦስት ከዘራ ሲያይ ፊቱ በራ። አቶ ነጋሳ በደራ ስንቱን ጎጆ ያስወጣውን ንግግራቸውን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ብሩኖ አትድከሙ፣ የአገሩን ወግ እኔ አላውቅም እንዴ፣ ገብቶኛል አላቸው። ማዶ ጋሪው ላይ ወዳሉት አበዛሽ እያየ፣ ልጁ ቱሪን ያለው የአበዛሽ ልጅ አይደል? ነው አሉት። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአንድ ቀን መልስ አይሰጠውም፤ ወንድሜን ላማክርና ሳምንት ተመለሱ አለ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ።

በሳምንቱ ብሩኖ የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ንገሩኝ፣ በቤተሰቡ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ መጠጥስ እንዴት ነው እያለ መረመራቸው። አበዛሽ ይህን ሲሰሙ፣ ብሎን ለማጥበቅ ሰባት ቤት ምን ያደርጋል ብለው ተገረሙ። ሼህ አብደላ ግን ማሽኑ ውድ ስለሆነ ጣልያን ይጠነቀቃል ብለው አስረዷቸው። አበዛሽም ቆጠሩ፤ አራተኛው ቤት ላይ የነበሩትን ሽፍታ ግራዝማች ብለው አለፏቸው።

በሦስተኛው እሑድ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አበዛሽ ጋሪው ላይ መቀመጥ አልቻሉም፤ ሽማግሌዎቹን ተከትለው ገቡ። ብሩኖ ኮት ለብሶ፣ ወይን ጠጅ ቀድቶ ይጠብቃል።

"እሺ ብያለሁ፤ ሲልቫናን ሰጥቻችኋለሁ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ብሩኖ ከኪሱ ፎቶግራፍ አወጣ። ሲልቫና አጎቷ ወርክሾፕ ውስጥ የምትሠራ፣ የመጣላትን ባል ሁሉ ስትመልስ የኖረች ልጁ ናት። በስልክ ብጠይቃት መጀመሪያ ልየው አለች፤ አጎቷ አሳያት፤ ካየችው በኋላ ዝም አለች፤ የእሷ ዝምታ ደግሞ እሺታ ነው አለ።

አቶ ነጋሳ እውነተኛ ሰው ናቸውና ስህተቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። አበዛሽ እግራቸውን ረገጡባቸው። ሥራ ብለው መጥተው ምራት ተሰጣቸው፤ ግን የጣልያኗን ባል ከጣልያን ማን ያባርረዋል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ይህቺ ደግሞ እርጉዝም አይደለች። የመሰለች ደጅ የተተከለው የለቅሶ ድንኳን ፊታቸው ላይ መጣባቸው፤ ከዚያ እልል አሉ።

በማግስቱ ቴሌ ሄዱ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉ፤ ይህ እንዲያመልጠው የፈለገ የለም። አበዛሽ ለልጃቸው ሳይጠይቁት እንደዳሩት እንዴት ብለው እንደሚነግሩት ሲጨነቁ፣ እሱ ቀደማቸው።

"እማዬ፣ ተቀጠርኩ!"

ስንት በር አንኳኩቶ ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ራሱ ፈልጎት መጥቶ፣ ና ሥራህን ልይ ብሎ ወርክሾፑ አስገባው። ዓርብ ውል ተፈራረሙ፤ ፈቃዱም ይታደስለታል። ለምን እሱን እንደመረጠ ግን አልገባውም። አበዛሽ ስልኩን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። ልጃቸው ይኖራል።

"አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኛል" አለ ልጁ። "ቢሮ ውስጥ ሲልቫና የምትባል ሴት አለች። ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች።"

አበዛሽ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር አሉ። ሦስቱም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

"መልኳስ እንዴት ነው?" አሉ አበዛሽ።

ልጁ ቀስ ብሎ፣ "ቆንጆ ናት" አለ።

"እንግዲያው አንተም ሳቅላት ልጄ፤ የቀረውን እኛ ጨርሰነዋል።"