እጁን ያላወጣው ማስፈራሪያ

በዚያ ዓመት ሰኔ ደረቀ። ሐምሌ ዘነበ፤ ዘሩ ግን ቀድሞ ተበላሽቶ ነበር። በነሐሴ እኩሌታ በረዶ ወርዶ በቆሎውን አነጠፈው። አንድ በሬ ሞተ። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ግራና ቀኝ ያለው አገር ሁሉ እንዲሁ ነበር። ለባምላኩ የተረፈችው ወንዝ ዳር ያለችው የዳጉሳ ማሳ ብቻ ናት፤ እሷንም ወፍ ሊጨርሳት ደረሰ።

ማስፈራሪያ ሠራ። አንድ ይበቃው ነበር፤ አምስት ሠራ። አሮጌ ኮት አልብሶ በሰልፍ አቁሞ የሁሉንም ቀኝ እጅ አስወጣ። መሬት በተደለደለ ማግሥት ነውና ቀበሌው ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት አልነበረም፤ ሰዉም ነገሩን ሳይሰማ እጁን ያወጣል። ባምላኩ ማሳው ዳር ቆሞ ብቻውን ሳቀ። አላፊ አግዳሚው አየት አድርጎ አለፈ።

ሰውዬው ዱሮም እንዲህ ነው። ቃሪያ በማር እያጠቀሰ ይበላል። አህያውን «እንደምን አደሩ?» ይላል። ሚስቱ «እኔ ባል እንጂ አዝማሪ አላገባሁም» ብላ ፈትታው አባቷ ቤት ከገባች ቆይታለች። እራት ላይ የሚያስቅ ነገር ትዝ ሲለው ወደ ጎን ይዞራል፤ መደቡ ባዶ ነው።

መስቀል እንዳለፈ አክስቱ እህተ ማርያም፣ ሥርጉት የምትባል ፈት ይዘውለት መጡ። ደህና ሴት ናት። ባምላኩ በማሳው በኩል አሳለፋት።

«እነዚህ እጃቸውን ያወጡት ምን ሆነው ነው?»

«ስብሰባ ላይ ናቸው። በሙሉ ድምፅ እያጸደቁ ነው።»

ሥርጉት ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰች። «ይኸ ኮት እኮ ቢታጠብ ይለበስ ነበር» አለች።

እውነቷን ነው። የባምላኩ ልብ ግን ቀዘቀዘ።

ከሸኟት በኋላ አክስቱ ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ ሚስት የምትፈልገው ቤት እንድትይዝልህ ነው እንድትስቅልህ?»

«ብቻዬን መብላቱንስ ለመድሁት፣ አክስቴ። ብቻዬን መሳቁ ነው ያቃተኝ።»

«እንግዲያ ከማስፈራሪያህ ጋር ኑር! ሌላ ሴት ይዤ ብመጣ እግሬ ይሰበር!»

በማግሥቱ ማሳው ሲወርድ አራቱ እጃቸውን እንዳወጡ ናቸው። አምስተኛው ግን ሁለቱ እጅጌዎቹ ደረቱ ላይ ተቋጥረው፣ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ነፋስ እንዲህ አይቋጥርም። «ተቃውሞ አለ!» ብሎ ጮኸ። ዙሪያውን ቢያይ ሰው የለም።

ፈትቶ መልሶ እጁን አስወጣው። በነጋታው ተቋጥሮ አገኘው። ጥቅምት በዚህ አለቀ። ባምላኩ ከቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ ቡሬ ገበያም ሴት ባየ ቁጥር «የቋጠረችው ይች ትሆን?» ይላል። አንዷም ቀና ብላ አልሳቀችለትም። ዳጉሳው ሲታጨድ ማስፈራሪያው ይነቀላል፤ ያን ሲያስብ ይጨንቀዋል። አዝመራው እንዳይደርስ የተመኘ ገበሬ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ኅዳር ገባ፤ ዳጉሳው ደረሰ። ለአጨዳ ሲወርድ ያምሮት ማጭድ ይዛ ማሳው ውስጥ ቆማለች። ከወንዝ ማዶ ያለች ሴት ናት፤ የሟቹ የዳኘው ሚስት። ዳኘውና ባምላኩ ወንፈል ነበሩ፤ አንዱ ለሌላው አንድ ቀን ይሠራል፣ ያኛውም ቀኑን ይመልሳል። ባምላኩ የዳኘውን ጤፍ ባጨደ በሳምንቱ ዳኘው ሞተ። የሞተ ሰው ወንፈል አይጠየቅም፤ ባምላኩም ሳይጠይቅ ዓመታት አለፉ። እሷም ከል ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ ትኖራለች። ባምላኩ የሚስቅ ሰው ሲፈልግ እሷን አስቦም አያውቅ።

«ምነው ያምሮት፣ በደህና?»

«የዳኘው ቀን አለብን፣ አያ ባምላኩ። ልመልስ ነው።»

«ተዪው እባክሽ። የሞተ ሰው ዕዳ ማን ይቆጥራል?»

«አንተ አትቁጠር። እኔ ግን ተሸክሜዋለሁ።»

አጨዱ። ቀትር ላይ ቃሪያውንና ማሩን አወጣ፤ አፍሮ ሊሸሽገው ሲል አንዷን አንሥታ አጠቀሰች።

«ይኸ ምግብ አይደለም» አለች። ሁለተኛዋን አነሣች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማስፈራሪያዎቹ ዘንድ ደረሱ። አራቱን ነቅለው አጋደሙ። ያምሮት አምስተኛው ፊት ቆመችና ሳታስበው እጅጌዎቹን ደረቱ ላይ ቋጠረቻቸው።

ማጭዱ ከባምላኩ እጅ ወደቀ። «አንቺ ነሽ?»

«ውኃ ስወርድ ሁሉም እጃቸውን አውጥተው ባይ ሳቄን አልቻልሁም» አለች ወደ መሬት እያየች። «ታዲያ ከል ለብሼ መንገድ ላይ ልስቅ ነው? እሱን ቋጥሬ ሄድሁ።»

«ምን ብሎ ተቃወመ?»

«አጀንዳው አልገባኝም አለ።»

ባምላኩ ሳቀ። እሷም በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ኋላ ነጠላውን ለቀቀችው።

ነዶውን አስራ ቀና ስትል ባምላኩ ማሳውን አየ። «ግማሹ ገና ነው» አለ።

«ነገ በራሴ ቀን እመጣለሁ። የዳኘው ግን ዛሬ ተከፈለ።»

«ተከፈለ» አለ ባምላኩ።