ፊት የሌለው ቻናል

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ፎቶግራፍ በአማርኛ አስተምሬ ያገኘሁት ተከታይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ከእነዚህ አንዷ ባለቤቴ ምሥራቅ ናት፣ እሷም በሁለት ስልክ። ስለ ብርሃን አወራሁ፣ ስለ ሌንስ አወራሁ፣ ሰሚ የለም። እዚሁ ካይሮ፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ሰፈር፣ ከእኛ በታች ያለው ጎረቤት ድመቱ ሩዝ ስትበላ ቀርጾ ቢለቅ በሳምንት ሃያ ሺህ ሰው አየለት። ድመቷ ግን ቢያንስ ፊቷን ታሳያለች።

የእኔ ችግር እሱ ነው። ሥራዬ ሰው ማንሳት ሆኖ ሳለ፣ የማነሳው ሰው ሁሉ «ቪዲዮህ ላይ እንዳታወጣኝ» ይለኛል። አንዷ አሠሪዋን፣ ማዳሟን፣ ትፈራለች። ሌላው የስደተኞች ቢሮ ያለው ፋይሉ ይበላሽብኛል ብሎ ይፈራል። ሦስተኛዋ ማንን እንደምትፈራ ራሷም አታውቅም፣ ግን ትፈራለች። እናም የሰው ማጅራት አሳየሁ፣ ጫማ አሳየሁ፣ ሲቸግረኝ ራሴን አሳየሁ። አንድ ተመልካች «ከአንተ ሌላ ሰው የለም?» ብሎ ጻፈልኝ። የለም።

ምሥራቅ ሸይኽ ዛይድ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሐሙስ ማታ መጥታ፣ ዓርብን ውላ ትመለሳለች። በሰኔ አንዱን ዓርብ ቁርጡን ነገረችኝ። የማዳሟ ባል 6ኛ ኦክቶበር ከተማ ላለው መጋዘኑ ዘበኛ ይፈልጋል።

«እስከ ፍልሰታ ታገሰኝ ብዬዋለሁ» አለች። «እስከዚያ ቻናልህ አንድ ሺህ ሰው ካልሞላ፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ካሜራውን ሸጠህ ትገባለህ።»

«ያዕኒ፣ ማለትሽ በር ላይ ወንበር ይዤ ልቀመጥ?»

«አሁንስ ወንበር ላይ አይደል እንዴ የምትውለው?»

ከወንበሬ ተነሣሁ።

ዘመናይ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ ካይሮ ስድስት ዓመቷ፣ የቆየች ደንበኛዬ። የምትሠራው የሰው ቤት ነው፤ ለእናቷ ግን ሆስፒታል ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብላቸዋለች። ያን ቀን በቀጥታ ከሥራ ስለመጣች የሐበሻ ቀሚሷን የደረበችው ከሰማያዊ ዩኒፎርሟ ላይ ነበር፤ ሱሪው ከቀሚሱ ሥር ይታያል። ጣራ ላይ አቆምኳት። ከኋላዋ ዲሽና የተሰጣ ብርድ ልብስ ነበር። እኔ ደግሞ ዲሹን አጥፍቼ አትክልት አስገባለሁ፣ ሱሪውን አጥፍቼ ቀሚሱን አስረዝማለሁ፤ የለመድኩት ሥራ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ሳስተካክል ለቻናሌ ልቅረጸው ብዬ ለመንኳት።

«ፊቴ እንዳይታይ» አለች።

«በእመቤቴ፣ አይታይም።»

ከዚያ እንደ ሌሎቹ ደንበኞቼ ሁሉ ያልተነካካውን ፎቶ ዓይኗ እያየ አስጠፍታኝ፣ ያማረውን ለእናቷ ልካ ሄደች።

ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊቷን ሸፍኜ ለቀቅሁት። ሁለት ሳምንት እንደ ወንድሞቹ ሞቶ ከረመና በሦስተኛው ተነሣ። አራት ሺህ፣ አሥራ አንድ ሺህ፣ ሠላሳ ሺህ። ተከታዮቼ ከዘጠኝ መቶ አለፉ። እኔ ጅሉ ለማስተማር ችሎታዬ የመጡ መሰለኝ። የሚጽፉልኝን እንኳ በቅጡ ሳላነብ ለሁሉም «አመሰግናለሁ፣ ለወዳጅዎ ያጋሩ» እያልኩ መለስኩ።

ሐሙስ ማታ ምሥራቅ ስልኬን ተቀብላ ታነብ ጀመር።

«ይትባረክ፣ ይሄን አይተኸዋል?»

አንዱ «ይህ ፎቶ እኮ እትዬ ሙሉነሽ ሳሎን ተሰቅሏል፣ የዘመናይ ነው» ብሏል። ሌላው ከሥሩ «ሆስፒታል ነው የምትሠራው አላሉንም እንዴ? የሠራተኛ ልብስ አይደል ከሥር የሚታየው?» ከእሱ ሥር እኔ አለሁ፦ «አመሰግናለሁ፣ ለወዳጅዎ ያጋሩ።»

ፊቷን ስሸፍን ሁሉን የሸፈንኩ መስሎኝ ነበር። እናትየው ፎቶውን በትልቁ አሳጥበው እንደሰቀሉት፣ ጎረቤት ሁሉ በቀሚሱም በአትክልቱም እንደሚያውቀው የት አስቤ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች ምሥራቅ። ተረቷን በዚያ ሰዓት ባትተርትብኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ዘመናይ መጣች። አንድ ሺህ ለመሙላት ስድሳ ሰው፣ ፍልሰታ ለመግባት ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል። ተናድጃለሁ፤ በእሷም፣ በጎረቤቶቿም፣ በደብረ ብርሃንም፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። ገና ሳትቀመጥ «እዪ» አልኳትና ስልኬን ዓይኗ ሥር ደቀንኩ። ቪዲዮውን ላጠፋ ስነካው ስልኩ ከጠፋ አይመለስም ብሎ አስጠነቀቀኝ። ይጥፋ አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ባትስመኝም አንድ «ተባረክ» ጠብቄ ነበር።

ዘመናይ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች።

«ለምን አጠፋኸው?»

«እንዴ፣ ለእናትሽ ስል ነዋ።»

«እናቴ ናት የላከችኝ» አለች። ድምጿ ቁጣ የለውም። «ትልቁን ፎቶ ከግድግዳ አወረደችው። ‹ይህችን አላውቃትም› አለች። በጎረቤት ስልክ ያንተን ቪዲዮ እያስከፈተች፣ መጀመሪያው ላይ ሱሪዬ የሚታይበት ጋ ታስቆመዋለች። ‹ለእኔ የደከመችው ልጄ ይህች ናት› ትላለች አሉ። ‹እሱን ነው የምሰቅለው፣ ሰውዬው ፊትሽን ይግለጥልኝ› ብላ ነው የላከችኝ።»

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ምንም እንደሌለ እያወቅሁ ፈለግሁ። ዋናውን ራሷ አስጠፍታኛለች፣ የቀረጽኩትን ደግሞ ቦታ እንዳይዝብኝ የለቀቅሁ ዕለት ሰርዤዋለሁ። ምሥራቅ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ዩኒፎርሙን ለብሰሽ ነይ» አልኩ። «እዚያው ጣራ ላይ፣ በዚያው ሰዓት አነሳሻለሁ። ምንም አልነካበትም።»

«ያኔ እናቴ ታየዋለች ብዬ አልቆምኩም፤ አሁን እኮ አውቄ ነው የምቆመው» አለችኝ።

በሥራዬ ከዚህ የበለጠ እውነት የነገረኝ ሰው የለም። የኮምፒውተሩን ክዳን ዘጋሁ።

«ማሌሽ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች። በዚህ ከተማ ማይክሮባስ ያመለጠውም ቤቱ የፈረሰበትም የሚባለው ይኸው ማሌሽ፣ ‹ምንም አይደል›፣ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።