የሪባኑ መቀስ

ወንድሜን ለዶክተርነት ያበቃሁት እኔ ነኝ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አባታችን ሲሞት ከሁለታችን አንዱ ትምህርቱን ማቆም ነበረበት፤ ታላቅ እኔ ነበርኩና ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ የስፌት መኪና ፊት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ነጭ ጋውኑን የሰፋሁለትም እኔው ነኝ። ማዳመጫው እንዲገባለት ኪሱን ሰፋ አድርጌ ነው የሠራሁት። ያኔ አንገቴን አቅፎ «ጋሼ፣ ዕድሜ ልኬን አልረሳልህም» ብሎኝ ነበር።

ለመርሳት ጊዜ አልፈጀበትም።

ሐኪም ሳለ ግን፣ ሐሰት አልናገርም፣ ጥሩ ሐኪም ነበር። በከተማችን ቀዶ ጥገና የሚችል እሱ ብቻ ነው። እጁን ሰው ላይ ሲያሳርፍ ሕመሙ ራሱ የሚያፍር ይመስል ነበር። ሰዉ ወደደው፤ ወደደውና አበደ። «እንዲህ ያለ ሰው ነው ሊያስተዳድረን የሚገባው» ተባለ። እኔ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሜ «እናንተ ሰዎች፣ እሱን ወንበር ላይ ካስቀመጣችሁት ማን ሊያክማችሁ ነው?» ብዬ ነበር። «ቀንቶ ነው» አሉኝ። ጎረቤቴ ጸጉር አስተካካዩማ «ወንድምህ ሲያልፍለት አንተን ምን ያንገበግብሃል?» ብሎ ደንበኞቹን አሳቀብኝ። ዛሬ ያ ጸጉር አስተካካይ ቡአውን በቀበቶ አስሮ ነው ቆሞ የሚውለው።

ተመረጠ። ክፍለ ሀገሩን ያዘ። ቢሮው ስሄድ ጸሐፊዋ «ማን ልበል?» ትለኛለች። «ታላቅ ወንድሙ» እላለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አረፍ ይበሉ።» አረፍ እላለሁ። የዚያ ቢሮ ወንበር መቀመጫው ልሙጥ ነው፤ ሰው ሲቆይበት ቀስ እያለ ወደ ፊት ያንሸራትታል። አስበውበት ይሆናል። አንድ ቀን ከእንግዶች ጋር ሲወጣ ብድግ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጨበጠኝና ወደ እንግዶቹ ዞሮ «ልብስ ሰፊያችን ናቸው፤ ይህን ሱፍ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው» አላቸው። እሳቸው! አንድ ማሕፀን የተኛን ሰዎች! እንግዶቹም የጃኬቱን ክንድ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ግሩም ነው» ብለው ሄዱ። ያቺን ቀን አልጣልኳትም፤ አጣጥፌ አስቀምጫታለሁ።

ይሁን፤ እሱንም እችለው ነበር። እጄ ባይሆን ኖሮ።

ቀኝ እጄ መደንዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣቴ፣ ቀጥሎ ሌባ ጣቴ፣ ከዚያ የመሐሉ። መርፌ ይዤ ሳለሁ የያዝኩ አይመስለኝም፤ ከእጄ መውደቁን የማውቀው ክሩ ሲላላ ነው። አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ሄዶ ጎደጎደ። ኋላ መቀስ መክፈት ሲያቅተኝ ጨርቁን ባለቤቴ ትቆርጥልኝ ጀመር። እሷ የቆረጠችው እጅጌ አንዱ ከአንዱ ይረዝማል፤ ደንበኛውም በትሕትና አንድ ትከሻውን ከፍ አድርጎ ይሄዳል።

«ወንድምህን አሳየው እንጂ!» ትለኛለች።

«የትኛውን ወንድሜን?» እላታለሁ።

በዚህ መሐል ከሱቄ ማዶ የተሠራው የአዲሱ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ይመረቃል ተባለ። አልሄድም ብዬ ነበር። ባለቤቴ ናት «ሂድ፤ ሥራው እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሲገባ ልቡ ይመለስ ይሆናል» ያለችኝ። ተስፋዋ ያናድደኛል። ግን ሄድኩ።

ሪባኑ ተወጥሯል፣ ካሜራው ተደግኗል፣ መቀስ የለም። የፕሮቶኮል ሹሙ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንዲት ነርስ ከፋሻ መቀሶቻቸው አንዱን ብታመጣለት ሪባኑን አኝኮ ተወው። «የልብስ ሰፊው ሱቅ እኮ ማዶ ነው!» አለ አንዱ። ባለቤቴ ሮጣ መቀሴን አመጣችው። ትልቁን፣ እጀታው ጥቁር የሆነውን፣ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ያወረሱኝን።

ወንድሜ ገና ሲጨብጠው አወቀው። ያ ጋውን በዚያ መቀስ ነው የተቆረጠው። ማይክሮፎኑን ሳብ አደረገና «ይህ መቀስ» አለ፣ «እኔን ያሳደገኝ የታላቅ ወንድሜ መቀስ ነው!» ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። አንዲት አሮጊት ዕንባዋን ጠረገች። እንግዲህ «ወንድሜ» ያለኝ እዚያ ነው፤ እሱም ለማይክሮፎኑ።

ሪባኑ ተቆርጦ ሰዉ ወደ ግብዣው ሲጎርፍ፣ መቀሱ ገና በእጁ ሳለ እጅጌውን ይዤ ወደ ክፍሉ መለስኩትና በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ሰው እየጠበቀኝ እኮ ነው።»

«እኔም ስጠብቅ ነው የኖርኩት። እጄን እይልኝ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ እጄን አየው። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መዳፌን ገለበጠ፣ አውራ ጣቴ ሥር ያለውን ጉድጓድ ጫን አለው። የእጄን አንጓ በጣቱ ጫፍ መታ መታ ሲያደርገው እስከ መሐል ጣቴ ነዘረኝ።

«ይሄ ይሰማሃል? ይሄስ? ዐይንህን ጨፍን። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ድምፁ የድሮው ነው። ሕመሙ ሊያፍር ነው ብዬ ልቤ ዘለለ።

«ነርቩ አንጓህ ላይ ታንቋል» አለ። «ትንሽ ነገር ናት፤ እዚች ጋ ቀደድ አድርጎ መልቀቅ ነው። እንዲህ ያለ ስንት ሠርቻለሁ። ግን ጋሼ፣ ቶሎ ነው። ሥጋው አንዴ ከሞተ አይመለስም።»

«እንግዲያው ልቀቀዋ! ክፍሉ ይኸው፣ አልጋው ይኸው፣ እኔም ይኸው።»

ቀና ብሎ መብራቱን አየ። ትልቁ መብራት ገና ከነላስቲኩ ነው።

«ቢላ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ» አለ ቀስ ብሎ። «እጄን አላምነውም።»

እዚያ ላይ ቢያቆም ይቅር እለው ነበር። አላቆመም። ጉሮሮውን ጠረገና «በተያዘው በጀት ዓመት የስፔሻሊስት ሐኪሞችን ቅጥር በተመለከተ ከሚመለከተው አካል ጋር…»

«ለማን ነው የምትናገረው?» አልኩት። «እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ እኮ!»

ዐይኑን ወደ በሩ ሰደደ።

«ንገረኝ፤ ማን እንዲሠራበት ነው ይህን ክፍል የመረቅከው?»

«ይላካል ጋሼ። ሐኪም ይላካል።»

«አንተ ተልከህልን አልነበር?»

በሩ ተንኳኳ። የፕሮቶኮል ሹሙ አንገቱን አስገብቶ «ክቡር አስተዳዳሪ፣ እየተጠበቁ ነው» አለ። ወንድሜ እጄን ለቀቀኝ። ሲለቀኝ አልተሰማኝም፤ በዐይኔ አይቼ ነው ያወቅኩት። ሹሙ ደግሞ መቀሴን ከጠረጴዛው አንሥቶ በመሐረብ ጠቀለለና ይዞት ወጣ። ደሜ ፈልቶ ስለነበር ልብ እንኳ አላልኩም።

በማግስቱ መቀሴን ስጠይቅ ጸሐፊዋ «ማመልከቻ ያስገቡ» አለችኝ። ማመልከቻ፣ በየትኛው እጄ?

ከርሞ ከርሞ ሐኪም መጣ ሲባል ወደ ሆስፒታሉ ተሻገርኩ። ሐኪም የለም። መቀሴ ግን አለ። ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ሣጥን ተሰቅሏል፤ «የምረቃ መታሰቢያ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ አግዳሚው ላይ ሰው ተደርድሮ ሐኪም ይጠብቃል፤ ጸጉር አስተካካዩም ከነቀበቶው መሐላቸው ቁጭ ብሏል። መስታወቱን ስነካ ዘበኛው ከተፍ አለ።

«አባቴ፣ አይነካም። ታሪካዊ ዕቃ ነው።»

«መቀሴ ነው።»

«አዎ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እውነታቸውን ነው» አለ ጸጉር አስተካካዩ ጎኑን ይዞ። «የአስተዳዳሪው ታላቅ ወንድም ናቸው።»

ዘበኛው ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ ሳቁ አመለጠው።

«አታምንም? እጀታው ጣቴ ላይ ያወጣውን መጅ እይ!» ብዬ ቀኝ እጄን ዘረጋሁለት።

ጎንበስ አለ። መጁን ትቶ ከሥሩ ያለውን ጉድጓድ አየ። ሳቁ ጠፋ።

«ውይ አባቴ! ይሄ እጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሟሸሸው? ለሐኪም አያሳዩትም?»

«አሳይቻለሁ» አልኩት።