ግራጫ አልሆን ያለ ግራጫ

እህቴ የሰርጓን ትልቁን ፎቶ እንዳየች፣ «ምድጃ ላይ ነው እንዴ የተሞሸርኩት?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፊቷ ፍም መስሏል። ፎቶው በማግስቱ አዲሱ ቤቷ ሊሰቀል ነው፤ አማቶቿም ሊያዩት ይመጣሉ። ፎቶ ቤቱ የእኔ፣ ያነሳሁትም ያተምኩትም እኔ። ቀልዷን ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር አንጀቴን በላችው።

ያናደደኝ ደግሞ፣ ሞኒተሬን ጠዋት ጠዋት ሳልፈትሽ ሥራ የማልጀምር ሰው ነኝ። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ግራጫ አደርገዋለሁ። ግራጫ ወገን የለውም፤ ቀይ ወይ ሰማያዊ ከነካካው ወዲያው ያሳብቃል። የዚያን ዕለት ጠዋትም አስተካክዬው ጥርት ብሎ ነበር። እህቴን ሸኝቼ ስከፍተው ግን ሰማያዊ መትቶታል። ለካ ፊቷ ገርጥቶ የታየኝ ለዚህ ነው፤ እኔ ቂሏ ቀይ ስጨምርበት እውላለሁ! ማሽኑን እስኪበቃኝ ሰደብኩት።

በዚህ መሀል እናቴ ገባች። ጠዋት በብርዱ ለብሼው፣ ሲሞቀኝ ያወለቅኩትን ብርቱካናማ ሹራብ ከወንበሩ ላይ አነሳች። «ደግሞ ብርድ ይምታሽና አስታምሚኝ በይ!» ብላ በግድ አጠለቀችልኝ። በዚያ በደከመ ዓይኗ ራሷ የሠራችው ሹራብ ነው። ጭንቅላቴን በአንገትጌው ሳወጣ፣ ግራጫው ተመልሶ ግራጫ ሆኗል።

«አየሽ?» አለች ስነግራት። «የእኔ ሹራብ እንኳን ሰው ማሽን ያድናል!»

እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። ጠዋት የመብራቱ ብርሃን ከሹራቡ እየነጠረ ስክሪኑን ሲያቀላው፣ እኔ የማሽኑ ጥፋት መስሎኝ ቀዩን ቀንሼዋለሁ፤ ሹራቡን ሳወልቅ ሰማያዊው ጎልቶ ቀረ። ለእሷ መናገሩ ዳገት ሆነብኝ። የእህቴ እንባ ትዝ ሲለኝ ነገርኳት።

«እንግዲያው የልጄን ፊት ያቃጠልኩት እኔ ነኛ» አለች። ሹራቡን አስወልቃ፣ አጣጥፋ ይዛው ወጣች።

ግራጫውን እንደ አዲስ አስተካክዬ ፎቶውን በድጋሚ አተምኩ። እህቴ አየችው፣ ጠጋ ብላም አየችው፣ «አሁን እኔ ነኝ» ብላ ተጠመጠመችብኝ።

ብርዱ ሳይወጣ እናቴ ሌላ ሹራብ ይዛ መጣች። ግራጫ ነው፤ ቁርጥ ስክሪኑን። ላጠልቀው ስገልጠው ውስጡ ብርቱካናማ ሆኖ አገኘሁት። የድሮውን ገበር አድርጋ ሰፍታበታለች።

«ውጪው ለማሽንሽ ነው» አለችኝ። «ውስጡ ያንቺ ነው። እሱ ባያየውም አንቺን ይሞቅሻል።»