የቻይነሽ ተዝካር

በ1977 መጋቢት ላይ የቡሬ ጤና ጣቢያው ድሬሰር ነገሩን ሳያድበሰብስ ለቻይነሽ ነገራት። «ነቀርሳ ነው። አዲስ አበባ ሄደሽ ጡትሽ ካልተቆረጠ ይገድልሻል።» ሕክምናው በነጻ ነው፤ የገበሬ ማኅበሩ የድኻ ወረቀት ይጽፍላታል። መልካም! የአውቶቡሱን፣ ወረፋ እስኪደርስ የሚታደርበትንና የሚበላውን በነጻ የሚጽፍ ማኅበር ግን እስከዚያ ቀን አልተፈጠረም።

ቻይነሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ ያሰበችው ስለ ጡቷ ሳይሆን ስለ በሬው ነበር። ባሏ ገደፋው ያለው አንድ በሬ ነው፤ ከወንድሙ ከአድማሴ በሬ ጋር አቀናጅተው ያርሳሉ። ጤፉን መንግሥት ለኮታ ብሎ በራሱ ዋጋ ወስዶታል፤ የቀረው ዘርና የልጆች ቀለብ ነው። በሬው ከተሸጠ እሷ ብትድንም ሁለት ቤት ይራባል።

ገደፋው ግን ቆርጦ ነበር። «እሸጠዋለሁ» አለ። ይህን የሰሙት አድማሴና ሚስቱ ጌጥነሽ የቻይነሽን የነፍስ አባት ቄስ ሃይለ ሚካኤልን ይዘው መጡ። ቻይነሽ ጓዳ ጋደም ብላለች፤ እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸዋል።

«በሬውን አትንካ» አለ አድማሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህ በሽታ ምሕረት የለውም። የማይቀረው ሲመጣ እኛ አለንልህ። ሁለት በግ ከእኔ።»

«የጠላው ገብስ በእኔ» አለች ጌጥነሽ። «የቻይነሽ ተዝካርማ ያምራል!»

ለአውቶቡስ ያልተገኘ በግ ለሙት ድግስ ወዲያው ተገኘ። ቻይነሽን ንዴት ከመደቡ አነሳት። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ስንት ሰው ጠራችሁ?»

«ውይ እታለም! እኛ እኮ...» አለች ጌጥነሽ ደንግጣ።

«በጉንም ገብሱንም አሁን ስጡኝ። ተሽጦ ልታከምበት።»

«ምን ዓይነት ሟርት ነው!» አለ አድማሴ።

«እኔ ነኝ ያሟረትሁ? የቁም ተዝካር ያወጣ ሰው የለም? የእኔም በቁሜ ይውጣ። ድግሱ ቀርቶ ለሐኪም ቤት ይሁን።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ተዝካር የነፍስ ስንቅ ነው። ለሥጋ አይመነዘርም።»

«አባቴ፣ ነፍሴን ለፈጠራት ትቻለሁ። እሱ ጠላ ቀምሶ አይፈርድም፤ ይቅር ይበሉኝ። እነዚህን ልጆች የሚያሳድገው ግን ሥጋዬ ነው።»

አድማሴ ሲያስበው፣ በዚህ መንገድ በሬው ይተርፋል። «በጎቹ ሁለቴ አይታረዱም» አለ በመጨረሻ። «ከሞትሽ ተዝካር የለም። ኋላ አገሩ የወንድሙን ሚስት እንደ ውሻ ቀበረ እንዳይለኝ፣ በአባታችን ፊት ተናገሪ።»

ተዝካር ያልወጣለት ሙት ምን እንደሚባል ቻይነሽ ታውቃለች፤ ለእናቷ ተዝካር ላሟን የሸጠች ሴት ናት። የቄሱን መስቀል ተሳለመች።

«ብሞት ተዝካር አታውጡልኝ። ማንንም አልወቅስም።»

ገደፋው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ብትድኚስ?»

«ብድንማ አርጅቼ እሞታለሁ፤ ያኔም አትደግሱልኝም!» ብላ ሳቀች። ሌላ የሳቀ የለም።

ሁዳዴ ነውና ቡሬ ገበያ ላይ በግ የሚገዛ ጠፋ። ጁማ የሚባል ነጋዴ «ለፋሲካ እስኪደርሱ የምቀልባቸው እኔ» እያለ ዋጋውን ሰበረው። ከገብሱ ጋር ተደምሮ ለአንድ ሰው መሄጃና ለወረፋው ብቻ በቃ። ለመመለሻው እዚያው ይታሰባል ተባለ።

ቻይነሽ ብቻዋን ተሳፈረች። ገደፋውና አድማሴ ሸኝተዋት ተመለሱ፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው ያንኑ ቀን ማረስ ጀመሩ።