ያቃናሁት ፊት

ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው! እስካሁን እንዲህ እላለሁ።

ሚርፑር በሚባለው የከተማችን ሰፈር ውስጥ፣ ከጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ሦስት ክፍል ቢሮ ለውጭ አገር ሰዎች የኮምፒውተር ጨዋታ እንሠራለን። የእኔ ሥራ ፊት ማልበስ ነው። ፎቶ ይሰጡኛል፤ በላዩ ላይ የነጥብ መረብ እዘረጋለሁ፤ አፍንጫውን፣ አገጩን፣ ጉንጩን በነጥቦቹ እየጎተትኩ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት እንዲያይ አደርግና የጨዋታውን ሰው ባዶ ጭንቅላት አለብሰዋለሁ። ማሽኑ እንዳይከብደው ደግሞ ግማሽ ፊት ብቻ እናስቀርና ሌላውን ግማሽ ከዚያው ገልብጠን እንሞላዋለን። ጎበዝ ነበርኩ። ትዕቢቴም የዚያኑ ያህል ነበር።

ሞርጂና ሻያችንን የምታፈላ፣ ወለላችንን የምትወለውል ሴት ናት። ሁላችንም «ካላ» እንላታለን፤ እንደ አክስታችን ናትና። ልጇ ሼፋሊ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ትንኝ በሚያመጣው ትኩሳት ታማ በአምስተኛው ቀን ሞተችባት። በዝናቡ ወራት ጎርፍ የቆርቆሮ ቤቷን ሲሞላው፣ ካላ ከሁሉ በፊት ያወጣችው የልጇን አንድ ለእናቱ ፎቶ ነው። በሻርፗ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ውሃ ጠጥቷል።

«ሩማና፣ ልጄ፣ ሳይበላሽ አንድ ሌላ አውጪልኝ። ትንሽም ብትሆን ግድ የለም። ሌላ የለኝም እኮ።»

ስካነሩ መስታወት ላይ አስቀመጥኩት፤ ምስሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ላነሳው ስል ግን ቀለሙ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እጄ ላይ የቀረው ነጭ ወረቀት ብቻ ነበር። ካላ ጮኸች።

«አይዞሽ፣ ገብታለች! አሁን ማንም አይነካትም» አልኳት። ይኸው አፌ!

ፎቶው ላይ ሼፋሊ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ሰበር አድርጋ፣ በከንፈሯ ጥግ ፈገግ ብላለች። ያንኑ አትሜ ብሰጣት አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። እኔ ግን ላስደንቃት አማረኝ። በዚያ ሳምንት በምንሠራው ጨዋታ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ የምትቀዳ፣ ገና ፊት ያልተሰጣት ልጅ ነበረች። ካላ ልጇን ስትራመድ ታያታለች ብዬ ነው።

ሁለት ቀን ለፋሁ። አንገቷን አቃናሁት። ያዘነበለ ፈገግታዋን ጎትቼ አስተካከልኩት። ግማሽ ፊቷን ገልብጬ ሌላውን ሞላሁ። ስጨርስ በለመደው እጄ በዚያው ስም ሴቭ አደረግኩት። የቢሯችን ደንብ ነው፤ ኮምፒውተሮቻችን ቦታ ስለሌላቸው ለአንድ ፊት አንድ ፋይል ብቻ ነው የምንይዘው፣ አዲሱ አሮጌውን ያጠፋዋል። ሺህ ጊዜ ያደረግኩት ነው። ይቺ የሥራ ፊት እንዳልሆነች ትዝም አላለኝ።

ካላን ጠርቼ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳት። አጠገቤ የሚሠራው ጃሂድ «ካላ፣ ዛሬ ሻይ የምንቀዳው እኛ ነን፤ አንቺ እግርሽን ዘርግተሽ ሲኒማሽን እይ» ብሎ ቀለደ። ልጅቷ ባልዲዋን ይዛ መጣች፣ ቆመች፣ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች።

ካላ አፏን በእጇ ያዘች። «ሼፉ!» አለች። «ሼፉዬ!»

ልጅቷ ቀጥ ብላ ታያለች።

«አንገቷ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቆመው?»

«አቃናሁላት እኮ፣ ካላ። አላማረባትም?»

«ግራ ጆሮዋ አይሰማም ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ። ስጠራት እንዲህ ታደርጋለች።» አንገቷን ሰበር አድርጋ ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ አቀረበች። «ፎቶ ሲያነሷትም አጠገባቸው ቆሜ እየጠራኋት ነበር። እኔን ስትሰማ ነው የተነሳችው። ይቺ አትሰማኝም።»

«ቆይ፣ የመጀመሪያዋን አወጣልሻለሁ» ብዬ ፋይሉን ስከፍት የወጣችው ያቺው ያቃናኋት ናት።

«ሩማና፣ በላዩ ላይ ነው እንዴ ሴቭ ያደረግሽው?» አለ ጃሂድ።

«ዝም በል አንተ!» ጮህኩበት። እሱ ምን አደረገ!

ነጥቦቹን ወደ ኋላ እየጎተትኩ ሳምንታት ፈጀሁ። አንገቷን ሰበርኩት፤ የታመመች ልጅ መሰለች እንጂ የምትሰማ አልሆነችም። ግማሽ ፊቷማ ከየት ይምጣ? ካላ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«በቃ፣ ያቺኑ ቀጥ ያለችውን አትሚልኝ» አለች በመጨረሻ። «ምን አደርጋለሁ።»

የሼፋሊ ሙት ዓመት ዱዓ ላይ ቤቷ ሄድኩ። ሰው ጢም ብሏል። ያተምኩላት ፎቶ በፍሬም ሆኖ ቆርቆሮው ላይ ተሰቅሏል፤ ግን ተንጋዷል። ሰው ገፍቶት ይሆናል ብዬ፣ ሳላስበው እጄ ሄደና አቃናሁት።

ካላ የሩዝ ሳህን ይዛ ታየኝ ነበር። ሳህኑን መሬት አስቀምጣ መጣችና ፍሬሙን በጣቷ ገፋ አድርጋ መልሳ አዘነበለችው።

«ተያት፣ ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንዲህ ስትሆን ነው የምትሰማኝ።»